ፓራፊን ያንግ፦ ላምባው አለቀ፣ ክምሩ ቀረ

ስለ ሼል ዘይት ሲወራ ሁላችንም አሜሪካን ነው የምናስበው። እኔ ግን ታሪኩን ከስኮትላንድ ልጀምርላችሁ።

ጄምስ ያንግ በ1811 እ.ኤ.አ. ግላስጎው ውስጥ ከአናጢ ቤተሰብ ተወለደ። ቀን ከአባቱ ጋር እየሠራ ማታ ማታ ኬሚስትሪ ተማረ። እዚያው ዴቪድ ሊቪንግስተንን ተዋወቀ፤ በኋላም ለአፍሪካ ጉዞዎቹ ገንዘብ አወጣለት።

በ1850 ከሰልን በዝግታ አሙቆ ዘይት የማውጣት ዘዴውን በፓተንት አስመዘገበ። በዓመቱ ባዝጌት ላይ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ያ ልዩ ከሰል ሲመናመን ደግሞ ኢንዱስትሪው ፊቱን ወደ ሼል ድንጋይ አዞረ። ላምባው የስንቱን ቤት አበራ፤ ያንግም ናጠጠ፣ ፓራፊን ያንግ የሚል ቅጽል ስምም ወጣለት።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፦ ድንጋዩን ቆፍሮ ማውጣት፣ መሰባበር፣ በምድጃ ማሞቅ፣ ተኑን አቀዝቅዞ ዘይት ማድረግ። ግን እኮ አብዛኛው ድንጋይ ዘይት አይሆንም! ተቃጥሎ ሜዳ ላይ ይከመራል።

ያንግ በ1883 ሞተ፤ የስኮትላንድ ሼል ኢንዱስትሪም በ1962 ተዘጋ። ቀያዮቹ ክምሮች ግን ዛሬም በዌስት ሎዚያን እንደ ተራራ ቆመዋል። አምስቱ እህትማማቾች የሚባሉት እንዲያውም በቅርስነት ተመዝግበዋል።

ኢኮኖሚክስ ስንማር የምንሰማው ነገር እዚህ በዓይን ይታያል፦ የላምባው ዋጋ ውስጥ የክምሩ ወጪ አልተቆጠረም። ገዢውም ሻጩም አልከፈሉትም፤ አካባቢው ተሸከመው። ዛሬ ሼል የሚሰነጠቀው በከፍተኛ ግፊት በሚረጭ ውሃ፣ አሸዋና ኬሚካል ነው። ዘዴው ተቀየረ እንጂ ጥያቄው ያው ነው፦ ትርፉን የወሰደው ሰው ቆሻሻውንስ ይወስዳል?