የእረኛውን ዋሽንት ለኦርኬስትራ ያበቁት ሊቅ፦ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ

ዋሽንት ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው መስክ፣ ከብትና እረኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ግን ስለ አንድ ዋሽንት ነፊ እረኛ የተደረሰ ሙዚቃ በቡዳፔስት ከተማ በሃንጋሪ መንግሥት ኦርኬስትራ ተሰማ። ሙዚቃውን የደረሱትም፣ ኦርኬስትራውን የመሩትም ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ ያልሞላ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። እኚህ ሰው በኋላ ፕሮፌሰር የተባሉት አሸናፊ ከበደ ናቸው።

አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1938 በአዲስ አበባ ተወለዱ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በ1962ም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በአዲስ አበባ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኑ። ትምህርት ቤቱ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች የደረሰ የ6ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ሊቅ ነው።

በዚያ ዘመን የዘመናዊ ሙዚቃ ትምህርት ማለት ለብዙዎች ፒያኖና ቫዮሊን መማር ነበር። አዝማሪነት እንደ ዝቅተኛ ሙያ ይታይ ስለነበር፣ ማሲንቆን በትምህርት ቤት ማስተማር ለአንዳንዱ ሰው እንግዳ ነገር ነበር። አሸናፊ ይህን አመለካከት አልተቀበሉም። የባዕዱን ጥበብ ጠንቅቀው የተማሩት የራሳቸውን ለመተው አልነበረም። የሃንጋሪ ሊቃውንት ዞልታን ኮዳይና ቤላ ባርቶክ የገበሬውን ዜማ ከየመንደሩ ሰብስበው ለኦርኬስትራቸው መሠረት እንዳደረጉት ሁሉ፣ እርሳቸውም የአገራቸውን ቅኝት በኦርኬስትራ ለማሰማት ተነሡ። በቡዳፔስት የተሰማው የእረኛው ዋሽንት የዚህ ጥረት ፍሬ ነው።

ከዚያ በኋላ በድጋሚ ወደ አሜሪካ አቅንተው፣ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ባደረጉት ጥናት በ1971 የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። የአዝማሪዎችን ጨዋታ በሸክላ አስቀርጸው ለዓለም አሰምተዋል። በ1977 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ስለ ክራር ጽፈዋል። በገና የእግዚአብሔር ማመስገኛ ተብሎ ሲከበር፣ ክራር የሰይጣን መሣሪያ እየተባለ ይነቀፍ ነበር። አሸናፊ የተነቀፈውን መሣሪያ በክብር አጠኑት።

ከድርሰቶቻቸው መካከል ለየት የሚለው ኮቱራሲያ የተሰኘው ነው። ይህ ሥራ ቻምበር ሙዚቃ ከሚባለው ወገን ነው። ቻምበር ሙዚቃ ትልቅ ኦርኬስትራ አያስፈልገውም፤ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ተጫዋቾች በቅርብ እየተደማመጡ የሚጫወቱት ነው። በአውሮፓ ከተሞች በአነስተኛ አዳራሾችና በአብያተ ክርስቲያናት ይቀርባል። አሸናፊ ለዚህ ድርሰታቸው ፍሉት፣ ክላሪኔትና ቫዮሊን መረጡ፤ በእነዚህም ላይ ኮቶ የተባለውን 13 አውታር ያለው የጃፓን መሣሪያ ጨመሩ። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በአምስት ድምፆች ላይ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው፤ የኮቶም ባህላዊ ቅኝት እንዲሁ በአምስት ድምፆች ላይ ይቆማል። በመልክዓ ምድር እጅግ የተራራቁ ሁለት አገሮች በዜማ ጎረቤት ሆነው ተገኙ።

አሸናፊ ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በባዕድ አገር ነው። በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ በዚያም የአፍሪካ አሜሪካውያንን የባህል ማዕከል መርተዋል። በ1982 ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ መሠረት የጻፉትን መጽሐፍ አሳተሙ። በ1998 በ60 ዓመታቸው አረፉ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ግን ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ፒያኖውንና ቫዮሊኑን ከክራር፣ ከማሲንቆ፣ ከዋሽንትና ከበገና ጋር በአንድ ግቢ ያስተምራል።

በደማምና በኾባር ለምንኖር ኢትዮጵያውያን የዚህ ሰው ሕይወት ሩቅ ታሪክ አይደለም። በጎረቤታችን በዳህራን የሚገኘው የንጉሥ አብዱላዚዝ የዓለም ባህል ማዕከል፣ ኢትራ፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ሙዚቀኞችን ያስተናግዳል። የሌላውን ሕዝብ ጥበብ በእንዲህ ያለ መድረክ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ የራስን መርሳት እንዳልሆነ አሸናፊ በሥራቸው አሳይተዋል። ከሥራ ውለን ማታ ወደየቤታችን ስንገባ በስልካችን የምንከፍተው ትዝታም ስደት ያላስጣለን ቅርስ ነው። አሸናፊ ይህን ቅርስ በባዕድ አገር ሳሉ ጠበቁት፤ አጠኑት፤ ለሌላውም አካፈሉት። ልጆቻችንን እዚህ ስናሳድግ የቅኝቶቻችንን ስም ብናስተምራቸው የእርሳቸውን ፈለግ ተከተልን ማለት ነው።