ቁጥር 63፦ በጡረታ ዕድሜው ከቤተሰቡ ፋብሪካ ወጥቶ የራሱን የጭነት መኪና የሠራው ሰውዬ

አዲስ ፋብሪካ ተከፍቶ የመጀመሪያዋ መኪና ስትወጣ ሻንሲዋ ላይ የሚመታው ቁጥር ስንት ይመስላችኋል? መቼም አንድ ነው የምትሉት።

በ1933 እንግሊዝ አገር ሳንድባች በምትባል ትንሽ ከተማ የወጣችው የጭነት መኪና ግን የሻንሲ ቁጥሯ 63 ነበር። ከሷ በፊት 62 መኪኖች ስለተሠሩ አይደለም፤ አንድም አልተሠራም። 63 የባለቤቱ ዕድሜ ነው።

ሰውዬው ኤድዊን ሪቻርድ ፎደን ይባላል። የሚያውቁት በስሙ መነሻ ፊደላት ኢ.አር. ይሉታል። ዛሬም አሮጌ የእንግሊዝ ካሚዮን የሚወዱ ሰዎች ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈካል። ታሪኩን እንካችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በከሰል ጭስ ውስጥ ያደገ ልጅ

ኢ.አር. የተወለደው በ1870 ነው። አባቱ ኤድዊን ፎደን በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሳንድባች አጠገብ የእርሻ መሣሪያዎችንና በእንፋሎት የሚሠሩ ትላልቅ ጎታች ማሽኖችን የሚሠራ ፋብሪካ ነበረው። ልጁ ያደገው ብረት ሲቀጠቀጥ እየሰማ፣ የከሰል ጭስ እየሸተተው ነው። ሙያውንም የተማረው እዚያው ነው።

በ1901 የእንግሊዝ ጦር በእንፋሎት የሚሄዱ የጭነት መኪኖችን አወዳደረ። የፎደን መኪና ሁለተኛ ወጣ። ብዙዎች ግን አንደኛ መውጣት የነበረበት እሱ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ክርክሩ ራሱ ማስታወቂያ ሆነለት። ከዚያ በኋላ የፎደን የእንፋሎት መኪና በመላው እንግሊዝ ታወቀ። ዱቄት፣ ቢራ፣ ጡብ፣ ድንጋይ፣ ያልጫነው ነገር የለም። ፋብሪካው የራሱ የማርሽ ባንድ ሁሉ ነበረው፤ ባንዱ በአገሪቱ ውድድር በተደጋጋሚ ያሸነፈ ነው፤ ዛሬም በፎደን ስም ይጫወታል።

አባትየው በ1911 ሲሞት ኢ.አር. እና ወንድሙ ዊልያም ፋብሪካውን ይመሩ ጀመር። በኋላ ዊልያም ወደ አውስትራሊያ ሄደ። ኢ.አር. ሥራው ላይ ቀረ።

የእንፋሎት መኪና መንዳት ምን ይመስል ነበር?

እስኪ አስቡት። ጠዋት ቁልፍ አዙሮ መሄድ የለም። መጀመሪያ እሳት ታነዳለህ። ከዚያ ውሃው እስኪፈላና እንፋሎቱ ጉልበት እስኪያገኝ ትጠብቃለህ። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ መሪ ይይዛል፣ ሌላው ከሰል ይጨምራል፣ የውሃውን መጠን ይከታተላል። መንገድ ላይ ውሃ ስታገኝ ቆመህ ትሞላለህ። ማታ ቤት ስትገባ ፊትህ ጥላሸት ነው።

ግን ሰዎቹ ይወዱት ነበር፤ ምክንያትም ነበራቸው። እንፋሎት ዳገት ላይ ጉልበት አለው፣ እንደ ጊዜው የቤንዚን ሞተርም አይንጫጫም። በዚያ ላይ ከሰሉ የአገር ውስጥ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እንግሊዛውያን የሚኖሩት ከሰል ቆፍረው ነው፤ ነዳጅ ግን ከውጭ በመርከብ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የፎደን ሰዎች እንፋሎትን አንተውም ሲሉ ሞኝነት ብቻ አልነበረም። የሚያውቁት፣ የሚኮሩበትና ስም ያገኙበት ሥራ ነው።

ናፍጣ መጣ

ማንችስተር አጠገብ ጋርድነር የሚባል የሞተር ፋብሪካ ነበር። ለጀልባና ለፋብሪካ የሚሆኑ ሞተሮችን ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለመኪና የሚሆን ቀለል ያለ የናፍጣ ሞተር አወጣ። ሞተሩ ቶሎ አይሽከረከርም፤ ጣሪያው በደቂቃ 1,700 ዙር ገደማ ነበር። ግን ናፍጣ ይቆጥባል፣ በቀላሉ አይበላሽም፣ ጠዋት እሳት ማንደድ አይፈልግም፣ ከሰል የሚጨምር ሁለተኛ ሰውም አይጠይቅም።

ኢ.አር. ይሄን ሲያይ የእንፋሎት ዘመን እያለቀ እንደሆነ ገባው። በ1931 የፎደን ፋብሪካ ራሱ የጋርድነር ሞተር የገጠመ መኪና ሞክሮ ነበር። ግን በቦርዱ ውስጥ የእንፋሎት ወዳጆች ብዙ ነበሩ። የኩባንያው ገንዘብና ልብ አሁንም ቦይለሩ ላይ ነው።

መንግሥትም ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። በጊዜው ባቡሩና የጭነት መኪናው በገበያ ይናከሱ ስለነበር፣ በ1933 በወጣው ሕግና በአዲሱ ግብር ከባድ መኪና ባዶ ክብደቱ ታይቶ ብዙ እንዲከፍል ተደረገ። የእንፋሎት መኪና ደግሞ ቦይለሩን፣ ውሃውንና ከሰሉን ተሸክሞ የሚዞር ነው። ጭነት ሳይጭን ገና ባዶውን ከባድ ነው። ሂሳቡ አልወጣ አለ።

ከራሱ ስም መውጣት

ኢ.አር. ግን ሕጉን አልጠበቀም። በ1932፣ በ62 ዓመቱ፣ ከፎደን ለቆ ወጣ።

ይሄን ቀለል አድርገን አንለፈው። በሩ ላይ የተጻፈው ስም የአባቱ ነው፣ የሱም ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው እዚያ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጡረታውን ይዞ፣ አትክልቱን እያጠጣ፣ ቀድሞም ተናግሬ ነበር እያለ ይቀመጥ ነበር። ልጁ ዴኒስም ከኩባንያው ወጥቶ ከአባቱ ጋር ቆመ። ከነሱ ጋር ኧርነስት ሼራት የሚባል ጎበዝ መሐንዲስና ጆርጅ ፎክነር የሚባል የቤተሰብ ሰው ነበሩ።

ፋብሪካ የላቸውም። የመጀመሪያውን ዲዛይን የሣሉት ከቤተሰቡ ቤት ጋር በተያያዘ የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው፤ እንግሊዞች አበባ የሚያስቀምጡበት ዓይነት ክፍል። መኪናዋን የገጣጠሙት ደግሞ እዚያው ሳንድባች ውስጥ ጄኒንግስ ከሚባል የመኪና ጋቢና ሠሪ በተከራዩት ቦታ ነው። ልብ በሉ፣ ከተማዋ ትንሽ ናት። ትቶት የወጣው የቤተሰቡ ፋብሪካ እዚያው ቅርብ ነው።

ብልሃቱ ግን እዚህ ላይ ነው። የድሮው ፎደን አብዛኛውን ዕቃ ራሱ የሚሠራ ፋብሪካ ነበር። እነ ኢ.አር. ለዚያ የሚሆን ገንዘብም ጊዜም የላቸውም። ስለዚህ በየዘርፉ ጥሩ የሚባለውን ዕቃ ገዝተው መግጠም ጀመሩ። ሞተሩ የጋርድነር፣ ካምቢዮው የዴቪድ ብራውን፣ አክስሉ የከርክስቶል፣ ጋቢናው የጄኒንግስ። እነሱ የጨመሩት ሁሉም አንድ ላይ ተስማምቶ እንዲሠራ የሚያደርገውን ዕውቀት ነው። ለባለመኪናውም ይሄ ጠቀመው፤ ዕቃ ሲሰበር የት እንደሚገኝ ያውቃል።

በ1933 ቁጥር 63 ወጣች። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 5.6 ሊትር ገደማ፣ ጉልበቱ 68 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። ዛሬ ከተማ ውስጥ የምናያት ትንሿ የቤት መኪና ብዙ ጊዜ ከዚያ ትበልጣለች። እሷ ግን በዚያ ጉልበት ከ6 እስከ 7 ቶን ትጭን ነበር። የመጀመሪያው ገዢ ከሌይተን ባዘርድ ከተማ የመጣ ጊልበርት የሚባል የጭነት ሥራ ባለቤት ነው። መኪናዋ ላይ የተጻፈው ኢ.አር.ኤፍ ነበር፤ የሰውዬው ስም መነሻ ፊደላት። ፎደን የሚለው ሙሉ ስም ለድሮው ፋብሪካ ቀረ።

ሾፌሮቹ ለምን አይረሱትም?

ጥያቄው እዚህ ጋ ነው። በነዚያ መኪኖች መሥራት ምቾት ነበረው? በፍጹም።

የጋቢናው አጥንት እንጨት ነው። ማሞቂያ የለም። ክረምት ላይ ሾፌሩ ካፖርቱን ደርቦ፣ ጉልበቱ ላይ ጆንያ ጣል አድርጎ ይነዳል። መሪው አጋዥ ስለሌለው ለመጠምዘዝ የትከሻ ጉልበት ይፈልጋል። ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ሁለቴ መርገጥ፣ የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ ልክ ሲደርስ ማስገባት ነው። ከተሳሳትክ ካምቢዮው ይጮኻል፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያይሃል። በዚያ ላይ ሕጉ ለከባድ መኪና የሚፈቅደው ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል፣ በኛ 32 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ይሄ ገደብ እስከ 1950ዎቹ ዘልቋል።

ወደ ስኮትላንድ የሚወጣ ሾፌር ሻፕ የሚባለውን ከፍተኛ ቦታ ማለፍ ነበረበት። በበረዶና በጭጋግ የታወቀ ዳገት ነው። እዚያ ላይ ነው ጋርድነር ስሙን የተከለው። አይሮጥም፣ ግን አይቆምም። ዱግ ዱግ እያለ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ጭነቱን ይዞ ቀስ ብሎ አናቱ ላይ ይወጣል። ሾፌሩ የሞተሩን ድምፅ እንደ ሰው ድምፅ ያውቀዋል፤ ትንሽ ከተቀየረ ምን እንደጎደለው ይገባዋል።

ትዝታው የመጣው ከዚህ ነው። መኪናው ምቾት ባይሰጥም ጨለማና በረዶ ውስጥ አይከዳህም። ባለቤቱም ቢሆን ወር ሲያልቅ የናፍጣ ሂሳቡን አይቶ ይስቃል። የኛ አገር የድሮ ሾፌሮች ስለ ትሬንታ ኳትሮ ሲያወሩ ዓይናቸው እንዴት እንደሚበራ የሰማችሁ ታውቃላችሁ። ትሬንታ ኳትሮ የምንላት ፊያት 634ም ከ1931 ጀምሮ የተሠራች ባለ ናፍጣ ሞተር ናት። በአንድ ዘመን፣ በሁለት አገር፣ አንድ ዓይነት ፍቅር።

የድሮው ፋብሪካስ?

ታሪኩን ጎበዝ ወጣ፣ ሞኞች ቀሩ ብለን ብንጨርሰው ውሸት ይሆንብናል። ፎደን በእርግጥ በጣም ተቸገረ፤ ገንዘብ አለቀበት። በ1935 ወንድምየው ዊልያም ከአውስትራሊያ ተመልሶ መጣና ፋብሪካውን ከመውደቅ አዳነው። እንዴት? በናፍጣ መኪና። ኢ.አር. ሲከራከርለት የኖረው ነገር በመጨረሻ የአባቱን ፋብሪካም አተረፈ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወንድማማቾች፣ በአንድ ከተማ፣ ሁለት ፋብሪካ፣ አንድ ገበያ። ሁለቱም መኪኖች ላይ የጋርድነር ሞተር ይገጠማል። የሳንድባች ሰው ልጁን የት ላስቀጥር ሲል ምርጫው ከአንድ ወደ ሁለት አደገ። ነገሩ ግን ቤተሰብ ለሁለት ተከፍሎ የመጣ ነው፤ ዋጋውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኢ.አር.ኤፍ ለጦሩና አገር ውስጥ ለግድ ለሚያስፈልገው የጭነት ሥራ መኪና ሲሠራ ቆየ። ኢ.አር. በ1950፣ በ80 ዓመቱ ገደማ ሞተ። ዴኒስ ተተካ። በ1960 ዴኒስም ሲሞት ወንድሙ ፒተር፣ ገና 30 ዓመት አካባቢ የሆነው ወጣት፣ ኃላፊነቱን ተረክቦ ለብዙ አሥርት ዓመታት መራው።

መጨረሻው እንደ ብዙዎቹ የእንግሊዝ መኪና ፋብሪካዎች ነው። ፎደንን በ1980 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው፤ ስሙ በ2006 አበቃ። ኢ.አር.ኤፍ በ1996 ለካናዳ፣ በ2000 ለጀርመን ኩባንያ ተላለፈ፤ እሱም በ2007 ቆመ። ተጣልተው የተለያዩት ሁለቱ ስሞች የጠፉት በአንድ ዓመት ልዩነት ነው።

መኪኖቹ ግን አልጠፉም። ቁጥር 63 ራሷ ተጠብቃ አለች። ከ1962 ጀምሮ በየዓመቱ አሮጌ የጭነት መኪኖች ከለንደን እስከ ብራይተን የሚነዱበት ዝግጅት አለ። እዚያ ሽማግሌዎች ኮታቸውን ለብሰው፣ ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጡ፣ በኩራት ሲያልፉ ታያላችሁ። ልጆች ዳር ቆመው በስልካቸው ይቀርጻሉ።

እንግዲህ በ25 ዓመታችን አረጀሁ፣ ጊዜው አለፈብኝ የምንል ብዙ ነን። ኢ.አር. በ63 ዓመቱ፣ ያለ ፋብሪካ፣ በተከራየው ቦታ እንደገና ጀመረ። ዕድሜውን ደግሞ አልደበቀም። ብረት ላይ መታው።

እናንተስ? አባታችሁ ወይም አያታችሁ ሾፌር ወይም ረዳት ከነበሩ በምን መኪና ነበር የሠሩት? ዛሬ ጠይቋቸውና ታሪኩን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን።