ኬሚስቱ ፐርሲ ጁሊያን

ተማሪዎች ሆይ፣ አንድ ስመ ጥር ሊቅ የደረሰበትን ውጤት፣ ገና ስሙ ያልታወቀ ሰው ስሕተት ነው ብሎ በጽሑፍ ቢያወጣ ምን ሊደርስበት እንደሚችል እስቲ ገምቱ። አሜሪካዊው ኬሚስት ፐርሲ ጁሊያን የገጠመው ፈተና ይህ ነበር።

ጁሊያን እ.ኤ.አ. በ1899 በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ተወለደ። አያቶቹ የባርነትን ቀንበር የተሸከሙ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በከተማው ለጥቁር ልጆች የሚሆን የሁለተኛ ደረጃ የመንግሥት ትምህርት ቤት አልነበረም። ስለዚህ ዲፖው ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ የጎደለውን ትምህርት ጎን ለጎን እያሟላ መማር ግድ ሆነበት። ያም ሆኖ በ1920 ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ። በ1931 ደግሞ ከቪየና ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕርግ አገኘ።

ወደ ዲፖው ተመልሶ፣ ከኦስትሪያዊው ባልደረባው ከዮሴፍ ፒክል ጋር ፊዞስቲግሚን የተባለውን ውሑድ በቤተ ሙከራ ለመሥራት ተነሣ። ይህ ውሑድ በምዕራብ አፍሪካ ከሚበቅለው ከካላባር ባቄላ የሚገኝ ሲሆን፣ ዓይንን ለሚያሳውረው ለግላኮማ በሽታ መድኃኒት ነበር። በዚሁ ሥራ የተሰማራው የኦክስፎርዱ ሊቅ ሮበርት ሮቢንሰን ወደ ፊዞስቲግሚን የሚያደርሰውን ውሑድ እንደሠራ ገልጦ ነበር። ይሁን እንጂ የሁለቱ ወገኖች ውሑዶች ባሕርያቸው የተለያየ ሆነ። ጁሊያን ሥራውን መርምሮ፣ የተሳሳተው ሮቢንሰን መሆኑን በጽሑፍ አስታወቀ። ስሕተቱ የራሱ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ የወደፊት ሕይወቱ በተበላሸ ነበር። ዳኛው የመቅለጫ ነጥብ ሆነ፤ ጁሊያን የሠራው ውሑድ ከባቄላው ከተገኘው ጋር በእኩል ሙቀት ቀለጠ። በ1935 ፊዞስቲግሚንን ሠርቶ እውነተኛነቱን አስመሰከረ።

በ1936 ቺካጎ በሚገኘው በግሊደን ኩባንያ ተቀጠረ። በዚያም አንድ ቀን የአኩሪ አተር ዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነጭ ዝቃጭ ተፈጠረ። ሌላው ሰው ብልሽት ብሎ የሚያየውን ይህን ነገር ጁሊያን አተኩሮ ተመለከተው፤ ስቲግማስተሮል መሆኑንም ተገነዘበ። ከዚህም ፕሮጀስተሮን የተባለውን ሆርሞን በብዛት ለማምረት ቻለ።

ዝናው ግን ከዘር ጥላቻ አላዳነውም። በ1950 ኦክ ፓርክ የገዛውን ቤት ሊያቃጥሉ ሞከሩ፤ በ1951 ድማሚት ወረወሩበት። እርሱ ግን ከነቤተሰቡ ከዚያው ሳይነቃነቅ ኖረ። በ1973 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በ1975 አረፈ።

እናንተም በሙከራ ያረጋገጣችሁት ነገር ከታላላቆች አስተያየት ጋር የተቃረነ ሲመስላችሁ፣ በመጀመሪያ የራሳችሁን ሥራ ደጋግማችሁ መርምሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን እውነቱን ለመናገር አትፍሩ።