ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት፡ የጎጃምን ሀብት የሰበሰቡት መስፍን

ዓባይ እንደ መቀነት በሚዞረው በጎጃም ምድር፣ ከራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በላይ ሀብት የሰበሰበ መስፍን ማግኘት ያዳግታል። ስማቸው ሲነሣ አንዳንዱ ብልህ ነጋዴነታቸውን፣ አንዳንዱ የግብራቸውን ክብደት፣ ሌላው ለጣሊያን ማደራቸውን ያስታውሳል። ሦስቱም እውነት ነው።

አባታቸው አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተቀብተው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘጎጃም ወከፋ ተባሉ። ከፋ በማዕረጉ ውስጥ የገባው ያለ ነገር አልነበረም። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና ዝባድ፣ የሚያሳዝነውም የባሪያ ንግድ፣ በባሶ ገበያ በኩል ወደ ሰሜን ያልፍ ነበርና ያንን በር የያዘ ቀረጡን ይሰበስብ ነበር። ይሁን እንጂ በ1874 ዓ.ም. ንጉሡ በእምባቦ ጦርነት በምኒልክ ድል ሆነው ተማረኩ። የደቡቡም ሀብት ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። ከዚያ በኋላ የጎጃም ገዥዎች ዋና ሀብት የገዛ ገበሬያቸው ጉልበትና አፈር ሆነ።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ሲያርፉ ግዛታቸው ተከፋፈለ። ኃይሉ ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ የአባታቸውን አገር መልሰው አገኙ፤ እስከ 1924 ዓ.ም.ም መቀመጫቸውን ደብረ ማርቆስ አድርገው ገዙ።

ራስ ኃይሉ ከዘመናቸው መኳንንት የሚለዩት ገንዘብን ከጦር ይልቅ የሚያምኑ በመሆናቸው ነው። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ጋር አውሮፓን ጎብኝተዋል። በአዲስ አበባ በሲኒማ ቤትና በመኪና ትራንስፖርት ሥራ ገንዘባቸውን አውለዋል። ሹም በአደባባይ ጦር ሲያሳይ በነበረበት ጊዜ ይህ ትልቅ አርቆ አሳቢነት ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የመጣው ከጎጃም ገበሬ ጎተራ ነበር። ግብሩ በዓይነትም በብርም በዛ፤ ሹመትም በገንዘብ የሚገኝ ሆነ። ሹመቱን በገንዘብ የገዛ ጭቃ ሹም ያወጣውን ከማን እንደሚመልስ ለቢቸናና ለሞጣ ገበሬ መንገር አያስፈልግም። ሲኒማው አዲስ አበባ ቆመ፤ መኪናውም አዲስ አበባ ሮጠ።

በዚያው ዘመን የውጭ መንግሥታት ዓይን በጣና ላይ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል፣ ያለ እንግሊዝ ስምምነት የዓባይንና የጣናን ውኃ የሚገታ ሥራ እንዳይሠራ ተስማምተው ነበር። በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣሊያን ስለ ጣና ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ሲስማሙ፣ ተፈሪ መኮንን አቤቱታቸውን ለመንግሥታት ማኅበር አቀረቡ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም አሜሪካ ሄደው ግድቡን ከአንድ የኒው ዮርክ ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ውኃው የጎጃምን ዳር የሚያጥብ ቢሆንም፣ የባሕሩን ዳርቻ የሚያርሰው ገበሬ ምን ይላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከፍቼ እስር ለማስመለጥ ረድተዋል ተብለው ተከሰሱ። በሞት ከተፈረደባቸው በኋላ ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠ፤ ሀብታቸውም ተወረሰ። ጎጃምም ለራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተሰጠ። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ አብረው በባቡር ተወስደው ነበር፤ ድሬዳዋ ላይ ቀርተው ለጣሊያን አደሩ። የጎጃም ገበሬ መሣሪያውን ላለማስፈታት ጫካ ገብቶ፣ በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀ ሲዋጋ፣ የቀድሞው ገዥ በጠላት ወገን ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ ንጉሠ ነገሥቱን ተቀበሉ። የቀረውን ዕድሜያቸውን ግን አዲስ አበባ በጥበቃ ሥር አሳልፈው፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ አረፉ።

የግብራቸው ትዝታ ግን አብሯቸው አልተቀበረም። ለጎጃም ገበሬ ርስት ከአቅኚ አባቱ በዘር ሐረግ የወረደ መብት ነበር። በደቡብ ቀላድ የተጣለበት መሬት ምን እንደሆነ ሰምቷል፤ ስለዚህ ለካው ሁሉ ነጣቂ መሰለው። መንግሥት በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅና ገማቾች ሲልክ፣ ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት አመፁ። ሕጉ በወረቀት ላይ ከቀድሞው የተሻለ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፤ በእኔ ግምት ግን ገበሬው የተጠራጠረው ሕጉን ብቻ ሳይሆን ሰብሳቢውንም ነው። ሲከፍል የኖረው ግብር መንገድና ትምህርት ቤት ሆኖ ሲመለስ አላየምና። ወታደር ዘመተ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። አመፁ ግን በቀላሉ አልበረደም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ የተወዘፈው ግብርም ለገበሬው ተማረለት።