ዊሊያም ቤትሰን፦ ያፈነገጠውን አተር ያልሸሸጉት ተመራማሪ

የዘር ውርስን የሚያጠናው ሳይንስ ጄኔቲክስ የሚለውን ስያሜ ያገኘው ከእንግሊዛዊው ተመራማሪ ከዊሊያም ቤትሰን ነው። ቤትሰን እ.ኤ.አ. በ1861 በዊትቢ ከተማ ተወልደው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። በ1900 ግሪጎር ሜንዴል በአተር ላይ ያደረጉትን የተረሳ ጥናት ሲያነቡ ለሰብልና ለእንስሳት ማሻሻል ሥራ ያለውን ጥቅም ተረዱ። ተቃዋሚዎችንም ተከራክረው የሜንዴልን ሕግ በማስተዋወቅ ቀዳሚ ሰው ሆኑ።

በ1910 የጆን ኢነስ የአትክልት ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነው ተሾሙ። በዚያም የአተር ዘር አምራቾችን የሚያስቸግር ጉዳይ አጠኑ። ምርጥ ዘር በተዘራበት ማሳ ውስጥ ቅጠላቸው የጠበበና የሾለ፣ እሸታቸው የጎበጠ ተክሎች ብቅ ይሉ ነበር።

ቤትሰንና ባልደረባቸው ካሮላይን ፔሊው ያፈነገጡትን ተክሎች ከመልካሞቹ ጋር አዳቀሉ። በሜንዴል ሕግ ቢሆን ከዲቃላው ዘር ከፊሉ ወደ መልካሙ ዓይነት መመለስ ነበረበት። የሆነው ግን ሌላ ነው። ዲቃላው በለጋነቱ መልካሙን ይመስላል፤ እያደገ ሲሄድ ቅጠሉ ይጠባል፤ ዘሩ ሲዘራም የሚበቅለው ያፈነገጠው ዓይነት ነው። ቤትሰን የሕጉ ዋና ተሟጋች ቢሆኑም ሕጉን የሚፈትነውን ይህን ውጤት አልሸሸጉም፤ በ1915 አሳተሙት። ምክንያቱ ሳይታወቅ በ1926 አረፉ።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ የፖርቱጋል ተመራማሪዎች የሁለቱን ዓይነት አተር ዲኤንኤ አነጻጽረው በተወሰኑ ቦታዎች ላይ የሜቲሌሽን ልዩነት አገኙ። ሜቲሌሽን በዲኤንኤ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ነው። በዘረመሉ ውስጥ የተጻፈውን መልእክት አይለውጥም፤ ነገር ግን ዘረመሉ ሥራውን እንዲሠራ ወይም ዝም እንዲል ሊያደርግ ይችላል። በዕፅዋት ላይ ምልክቱ ወደ ቀጣዩ ትውልድ ሊተላለፍም ይችላል።

የቤትሰን ሥራ ለዘር ብዜት የተወው ትምህርት ግልጽ ነው። ዘሩ ከታመነ ምንጭ ቢመጣም ማሳውን እየተዘዋወሩ ማየት አይቀርም። ያፈነገጠ ተክል እንደታየ መነቀል፣ ፍሬውም ከዘሩ መለየት አለበት። በሚቀጥለው ዓመት ይስተካከላል ብሎ ከእንዲህ ዓይነቱ አተር ዘር መያዝ ማሳውን ለእርሱ አሳልፎ መስጠት ነው።