ዐባስ ኢብን ፊርናስ፦ ጅራቱን የዘነጋው በራሪ

ስለ በረራ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው በ1903 እ.ኤ.አ. የበረሩት የራይት ወንድማማቾች ስም ነው። ከእነርሱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ግን በአንደሉስ አንድ ሙስሊም ክንፍ አስሮ ከከፍታ ላይ ራሱን ወደ አየር ወርውሯል። ዐባስ ኢብን ፊርናስ ይባላል።

ትውልዱ ከበርበሮች ሲሆን፣ የኖረው በኡመውያ አሚሮች ዘመን በቁርጡባ (በዛሬዋ ኮርዶባ) ነው። ገጣሚ ነበር፤ የከዋክብትን ዕውቀትም ያውቃል። ከድንጋይ መስታወት የመሥራትን ጥበብ በአንደሉስ ያስጀመረው እርሱ እንደሆነ ይነገራል፤ ሰዓት የሚያመለክት መሣሪያም ሠርቷል። በቤቱ ውስጥ ሰማይ የሚመስል ነገር አበጅቶ፣ የሚገባ ሰው ከዋክብትን፣ ደመናን፣ መብረቅን ያይ ነበር አሉ።

የበረራውን ታሪክ በዝርዝር ያቆየልን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አል-መቀሪ ነው። ኢብን ፊርናስ ሰውነቱን በላባ ሸፍኖ፣ ሁለት ክንፍ አበጅቶ፣ በአየር ላይ ጥሩ ርቀት ሄደ። በማኅበራዊ ሚዲያ አሥር ደቂቃ በረረ እየተባለ የሚዞረውን ግን እዚያ አናገኘውም፤ ሰውየው ያለ ጭማሪም ይበቃዋል ባይ ነን።

ችግሩ የመጣው ሲያርፍ ነው። ወፍ ስታርፍ ጅራቷን እንደምትጠቀም ልብ አላለም፤ ለራሱም ጅራት አልሠራም። ወደቀና ጀርባው ክፉኛ ተጎዳ። አስቡት፤ ይህ የሆነው ከተማው የሚያውቀው፣ አሚሮች ደጅ የሚገባ ሰው ላይ ነው። ውድቀቱ ጓዳ ውስጥ አልቀረለትም።

መሳለቂያ ከሚያደርጉት አንዱ ሙእሚን ኢብን ሰዒድ የተባለ የቁርጡባ ገጣሚ ነበር። በቤት ውስጥ በሠራው ሰማይም ሲያላግጥበት የኖረ ሰው ነው። ስለ በረራውም የጥንብ አንሳ ላባ ለብሶ ከአፈ ታሪክ ወፍ በለጠ እያለ ገጠመበት። ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው፤ አል-መቀሪ የጻፈው ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ በመሆኑ፣ ከራሱ ከኢብን ፊርናስ ዘመን ለበረራው የሚቆመው ምስክር ይኸው የተሳላቂው ግጥም ነው። ሊያዋርደው የገጠመው ሰው መስክሮለት ቀረ።

ኢብን ፊርናስ በ274 ሂጅራ፣ በ887 እ.ኤ.አ. አረፈ፤ አላህ ይዘንለት። ዛሬ በጨረቃ ላይ ያለ አንድ ጉድጓድ በስሙ ይጠራል። በኮርዶባም በ2011 እ.ኤ.አ. በስሙ የተሰየመ ድልድይ ተከፍቷል።