አደራ በላው ቻርልስ ፖንዚ

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ሕይወት ዓምዳችን የምናነሳው ጀግና ወይም ሊቅ አይደለም። የብዙ ሺህ ሰዎችን አደራ የበላ አታላይ ነው። ከአታላይ ምን እንማራለን ትሉ ይሆናል። እስቲ ታገሡንና እንየው። (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቻርልስ ፖንዚ በ1882 በሰሜን ኢጣሊያ፣ ሉጎ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1903 በመርከብ ተሳፍሮ አሜሪካ፣ ቦስተን ወረደ። ራሱ በኋላ እንዳወራው ከሆነ ያኔ በኪሱ የነበረው ሁለት ዶላር ተኩል ብቻ ነው። ሳሕን አጠበ፣ አስተናጋጅ ሆነ፤ ግን የትም አልበረከተም። በ1907 ወደ ካናዳ ሄዶ ሞንትሪያል ውስጥ የኢጣሊያ ስደተኞች ገንዘባቸውን በሚያስቀምጡበት አንድ ባንክ ተቀጠረ። ባንኩ ለቀድሞዎቹ ደንበኞች ወለድ የሚከፍለው ከአዲሶቹ ገንዘብ እየቀነሰ ነበር። መጨረሻው ምን ሆነ? ባንኩ ወደቀ፣ ባለቤቱም አገር ጥሎ ጠፋ። ፖንዚ ግን ዘዴውን በልቡ ያዘ።

ብዙም ሳይቆይ ሐሰተኛ ቼክ ፈርሞ ተያዘና ታሰረ። ለእናቱም በእስር ቤቱ አለቃ ዘንድ ጥሩ ሥራ አግኝቻለሁ ብሎ ጻፈላት። የሰውየው ጠባይ ከዚህ ይታያል፤ መዋሸት የጀመረው ከሚወዱት ሰዎች ነበር። ይሁን እንጂ ልቡ ድንጋይ ብቻ አልነበረም። ከእስር ከወጣ በኋላ አንዲት ነርስ በእሳት ተቃጥላ ስትሰቃይ፣ ከገላው ቆዳ ተገፎ እንዲለጠፍላት ፈቅዶ እሱም በዚያው ሳቢያ ታሟል። እንግዲህ አታላይ ሁሉ ፊቱ ላይ ተጽፎበት አይመጣም ማለት ነው።

በ1919 ከስፔን አንድ ደብዳቤ ደረሰው። ፖስታው ውስጥ ዓለም አቀፍ የመልስ ኩፖን ነበረ። ይህ ኩፖን በአንድ አገር ተገዝቶ በሌላ አገር በቴምብር የሚለወጥ ወረቀት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአውሮፓ ገንዘብ ስለረከሰ፣ ኩፖኑን እዚያ በርካሽ ገዝቶ አሜሪካ ውስጥ ቢለውጡት ያተርፋል። አሳቡ በወረቀት ላይ ትክክል ነበር። ችግሩ ቴምብሩን ወደ ጥሬ ገንዘብ መለወጡና ኩፖኑን በብዛት ማግኘቱ ላይ ነው።

አጅሬ ለዚህ አልተጨነቀም። በ1920 መጀመሪያ ላይ በቦስተን ስኩል ስትሪት፣ ማለትም የትምህርት ቤት ጎዳና በሚባል መንገድ ቢሮ ከፈተ። ገንዘብ ላስቀመጠ ሁሉ በ45 ቀን ውስጥ 50 በመቶ ትርፍ እከፍላለሁ አለ። ለመጀመሪያዎቹም በእርግጥ ከፈለ። እነሱም ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለወዳጅ አወሩ። በቃ! ሕዝቡ ተሰለፈ። ስደተኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ፖሊሱ ሳይቀር ያጠራቀመውን ይዞ መጣ። በጥቂት ወራት ውስጥ የሰበሰበው ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ኩፖን ግን ገዝቷል ለማለት አይቻልም።

እስቲ በሒሳብ እንየው። 10 ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ዶላር አመጡ እንበል። ከ45 ቀን በኋላ 1,500 ዶላር ሊከፈላቸው ነው። ስለዚህ 15 አዲስ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ለ15ቱ ለመክፈል ደግሞ 23። እንዲህ እየተባዛ ሲሄድ በዓመቱ 256፣ በሁለት ዓመት ከ6,500 በላይ፣ በሦስት ዓመት ከ168,000 በላይ አዲስ ሰው ያስፈልጋል። ያውም ፖንዚ አንዲት ሳንቲም ለራሱ ካልነካ ነው። እሱ ግን ትልቅ ቤትና መኪና ገዝቷል።

በሐምሌ 1920 ቦስተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ ነገሩን መመርመር ጀመረ። ክላረንስ ባሮን የተባለ የገንዘብ ጉዳይ ጋዜጠኛም አሰላው፤ ለዚያ ሁሉ ገንዘብ 160 ሚሊዮን ኩፖን ያስፈልግ ነበር፤ በዓለም ላይ ያለው ግን 27,000 ያህል ብቻ። ሕዝቡ ደንግጦ ገንዘቤን መልስ እያለ በሩን አጨናነቀ። ፖንዚ ምን አደረገ? ፈገግ ብሎ ወጣና ቡናና ቦምቦሊኖ አደለ፤ ለጠየቀው ሁሉ ከፈለ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይባላል። ብዙዎች ልባቸው ደረቀና ገንዘባቸውን ሳያወጡ ተመለሱ። እነዚህ ናቸው ኋላ ያለቀሱት።

በነሐሴ ወር ራሱ የቀጠረው የማስታወቂያ ሰው አጋለጠው፤ የሞንትሪያሉ እስርም ወጣ። ነሐሴ 12 ቀን ተያዘ። በዚህ ጣጣ ስድስት ባንኮች ወደቁ። ባለገንዘቦቹም ከዓመታት በኋላ ከአንድ ዶላር 37 ሳንቲም ያህል ብቻ ደረሳቸው። ፖንዚ ታስሮ ሲፈታ ፍሎሪዳ ሄዶ በመሬት ሽያጭ እንደገና አታለለ። በ1934 ወደ ኢጣሊያ ተባረረ፤ በመጨረሻም በ1949 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ በድሆች ሆስፒታል ሞተ። ስሙ ግን የዚህ ዓይነቱ ማታለል መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

እኛም ዕቁብ እንጥላለን፤ በእምነት። ልዩነቱ ምንድን ነው? በዕቁብ ማንም ከጣለው በላይ አያገኝም፤ ዳኛውም ጸሐፊውም ይታወቃል፤ ገንዘቡ ከየት መጥቶ ለማን እንደሄደ ሁሉም ያያል። ዛሬም በስልክና በኢንተርኔት የፖንዚን ቋንቋ የሚናገሩ ሞልተዋል። ነገ ክፍል ገብተን የመቶኛ ሒሳብ ስናስተምር፣ ተማሪው ትርፉ ከየት ይመጣል ብሎ እንዲጠይቅ ካስለመድነው፣ ምናልባት የአንድ ቤተሰብ ጥሪት እናተርፍ ይሆናል።